ለቢዝነስ ፒኤችዲ ከመመዝገባችሁ በፊት

ኤምቢኤ አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆየ። ባንክ ብትገቡ ማናጀሩ ብቻ ሳይሆን ካውንተር ላይ ያለው ልጅ ሁሉ ወይ ማስተርሱን ጨርሷል ወይ ቲሲስ ላይ ነው። እናም ጥያቄው ከፍ ብሏል፤ "ቀጥሎስ? ፒኤችዲ ልጀምር እንዴ?" ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ሥራቸውንም ይወዱታል። ለምን እንደፈለጉት ስጠይቃቸው ግን መልሱ ይለያያል። አንዱ እድገት ይላል። አንዷ እውቀት ትላለች። ሌላው ፊት ለፊት "ዶክተር መባል እፈልጋለሁ" ይላል። በሦስቱም ነውር የለም። ነገር ግን ሦስቱ የተለያየ ፍላጎት ነው፣ አንድ ዲግሪ ሦስቱንም አያሟላም።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበል። የማኔጅመንት ፒኤችዲ ማኔጀር አያደርጋችሁም። ድርጅት መምራትን የሚያሠለጥን ትምህርት አይደለም። ሰዎችና ድርጅቶች ለምን እንዲህ ወይም እንዲያ እንደሚሠሩ የሚመረምር ሰው የሚወጣበት ሥልጠና ነው። አራት አምስት ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ አንድ ጥያቄ ይዞ መቀመጥ ማለት ነው። ማንበብ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ መጻፍ፣ የጻፉትን መሰረዝ፣ እንደገና መጻፍ። ይህ ሥራ የሚያስደስተው ሰው አለ፤ ለሱ ከዚህ የተሻለ ሕይወት የለም። የማያስደስተው ሰው ግን ይሰቃያል። የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚያውቀው ኮርሱን ጨርሶ ፕሮፖዛል ላይ ሲደርስ ነው። ያኔ ብሩ ወጥቷል፣ ለዘመድ አዝማድ ተነግሯል፣ ወደ ኋላ መመለስ ያሳፍራል።

እዚህ ላይ ፒኤችዲን እና ዲቢኤን (የቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬትን) መለየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሁለቱም "ዶክተር" ያስብላሉ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1920 በቢዝነስ የፒኤችዲ ፕሮግራም ሲጀምር የፈለገው የቢዝነስ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተምሩና የሚመራመሩ ሰዎችን ማፍራት ነው። ዛሬም የፒኤችዲ ዋና ዓላማ ይኸው ነው። ዲቢኤ በአብዛኛው ሥራ ላይ ላሉ፣ ልምድ ላካበቱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ከመሥሪያ ቤታቸው የሚነሣ ችግር ወስደው በምርምር መንገድ ያዩታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሥራ ሳይወጡ ይማራሉ። ስሙ ብቻውን ግን አያስተማምንም። ሃርቫርድ ለአሥርት ዓመታት ዲቢኤ ሲሰጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ፒኤችዲ ለውጦታል፤ ተማሪዎቹ ድሮም ሲሠሩ የነበረው ጠንካራ ምርምር ነውና ስሙን ከሥራው ጋር አስታረቁት። ሌላ ቦታ ደግሞ ዲቢኤ የተባለው ነገር ከኤምቢኤ ብዙም ያልዘለለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ከስሙ በፊት ፕሮግራሙ ምን ያሠራል የሚለውን እዩ፦ የምርምር ዘዴ ኮርስ ስንት ነው? የሚያማክረው ማነው? ያለፉት ተመራቂዎች ምን ጻፉ?

ለምን ሁሉም ፈለገው?

አገራችን ውስጥ ፒኤችዲ እንዲህ የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች በአጭር ጊዜ በብዙ እጥፍ ጨመሩ። መምህር ያስፈልጋል። መንግሥትም ለመምህራን ስብጥር 0፡70፡30 የሚባል ግብ አስቀመጠ፤ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስተምር እንዳይኖር፣ 70 በመቶው ማስተርስ፣ 30 በመቶው ዶክትሬት እንዲይዝ። ለዩኒቨርሲቲ መምህር ፒኤችዲ ማለት የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግ፣ የደመወዝ ጭማሪ፣ ተማሪ የማማከር መብት ነው። የሱን ጉጉት በደንብ እረዳለሁ። መምህር ከሆናችሁ "ልማር ወይስ ልተው" የሚለው ብዙም አያከራክርም፤ የቀረው የት እና ከማን ጋር የሚለው ነው።

ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ አስመጪ ድርጅት፣ ኤንጂኦ ውስጥ ያለ ሰው ግን ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ድርጅታችሁ ውስጥ ፒኤችዲ ስላለው ብቻ ያደገ ሰው ስንት ነው? ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ሰዎች እንዴት ሆኑ? እንደሚመስለኝ አብዛኞቹ በሥራ ልምድ፣ በውጤት፣ በመታመን ነው የወጡት። የፋይናንስ ሰው ከሆናችሁ ኤሲሲኤ የሚባለው የሒሳብ ባለሙያዎች የሙያ ማረጋገጫ ለዕለት ሥራችሁ ከፒኤችዲ ይልቅ ይጠቅማችኋል፣ ጊዜውም ያንሳል። ይህን የምለው ማንንም ለማስቀረት አይደለም። አምስት ዓመት ብዙ ነው፤ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ነው። ያንን ያህል ዕድሜ የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚያገኝበት ቁርጡን ማወቅ አለበት።

መጠይቁ

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል፣ ማንም ገብቶ ማንበብ ይችላል። ገብታችሁ የቢዝነሱን ክፍል ርዕሶች ብቻ እያያችሁ ውረዱ። "የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ የእገሌ ባንክ ሁኔታ"። "የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ የእገሌ ባንክ ሁኔታ"። ባንኩ ይለወጣል፣ ርዕሱ ያው ነው። በማስተርስ ደረጃ ይሁን፣ መለማመጃ ነው እንበል። ይኸው ልማድ ወደ ዶክትሬት ሲሻገር ነው ችግሩ።

መረጃው እንዴት እንደሚሰበሰብ ልንገራችሁ። ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ የምትሠራ ልጅ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ወረፋው በር ደርሷል። ማናጀሩ ስምንት ገጽ መጠይቅ ጠረጴዛዋ ላይ ጣል ያደርግና "የጓደኛዬ ነው፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሙይልኝ" ይላታል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "የቅርብ አለቃዬ ራእይ ያለው መሪ ነው" ይላል። ከ1 እስከ 5 መምረጥ ነው፤ 1 ፈጽሞ አልስማማም፣ 5 በጣም እስማማለሁ። ምን ታድርግ? መጠይቁን የሰጣት አለቃዋ ነው፣ የሚሰበስበውም እሱ ነው። 4፣ 4፣ 5፣ 4፣ 4 እያለች በአንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች። "ሥራዬን በብቃት እወጣለሁ" የሚለው ጋ ስትደርስ 5 ታደርጋለች፤ ራሷን ማን ሰነፍ ይላል? በአምስት ደቂቃ አለቀ፣ ቀጣዩ ደንበኛ ተጠራ።

ይህ ወረቀት ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ተሰብስቦ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል። ውጤቱም ገና ሳይሠራ ይታወቃል፦ "የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ አዎንታዊና ጉልህ ተጽዕኖ አለው።" ምክረ ሐሳብ፦ "ማናጀሮች ለውጥ አምጪ አመራር ቢከተሉ።" ይኸው ነው።

ግን ምን አወቅን? አለቃውን የለካችው ልጅ ናት። አፈጻጸሙንም የለካችው እሷው ናት። በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ስሜት፣ በአንድ አምስት ደቂቃ። ደስ ያላት ሰው ሁሉንም ከፍ ታደርጋለች፣ የከፋት ሁሉንም ዝቅ ታደርጋለች። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው መውጣትና መውረዳቸው ስለ አመራር የሚነግረን ነገር በጣም ጥቂት ነው። የምርምር ዘዴ መምህራን ይህን ችግር ካወቁት ቆይተዋል፣ ጥሩ ጆርናሎችም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ወዲያው ይመልሱታል። በዚያ ላይ የቱ ምክንያት፣ የቱ ውጤት እንደሆነ አይታወቅም። ጎበዝ ሠራተኞች ያሉት ማናጀር እኮ ጥሩ መሪ ይመስላል።

ስለ ናሙናም ልጨምር። ስንት ሰው ይጠየቅ ሲባል የሚጠቀሰውን 384 የሚለውን ቁጥር ያላየ የቢዝነስ ተማሪ የለም፤ ክሬጂ እና ሞርጋን የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ካወጡት ሰንጠረዥ የመጣ ነው። ያልሆነ እንደሆነ የያማኔ ቀመር ይገባል፣ ከ400 የማያልፍ ቁጥር ይወጣል። ቀመሮቹ ስህተት የለባቸውም። የሚሠሩት ግን ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ ነው። ማናጀሩ ለሚያውቃቸው፣ እነሱም ለሚያውቋቸው የበተኑት መጠይቅ 384 ቢሆን 3,840 ቢሆን ያው ነው።

አንድ ጥሩ ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ ላሳያችሁ። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። የጠየቁት ነገር ቀላል ነው፤ ፋብሪካ መቀጠር የወጣቱን ኑሮ ያሻሽላል ወይ? አምስት ድርጅቶች ጋ ለሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ሥራው ተሰጠ። ለሁለተኛው የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር ገደማ መነሻ ተሰጠ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከዚያ ተከታተሏቸው። ሥራ ከተሰጣቸው ሲሶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፣ በዓመቱ 77 በመቶው ለቀው ነበር። ገቢያቸውም ሥራውን ካላገኙት አልበለጠም። በዓመቱ መጨረሻ የተሻለ ገቢ የነበራቸው መነሻ የተሰጣቸው ናቸው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የእነሱም ብልጫ ጠፍቶ ተገኘ።

ይህን ያነበበ የኢንዱስትሪ ፓርክ ኃላፊ የሚያስብበት ነገር አለው፤ ለምን ይለቃሉ? ደመወዝ ነው? ጤና ነው? የቤት ኪራይ ነው? እርግጥ እንዲህ ያለ ሙከራ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አንድ ተማሪ ብቻውን አይችለውም። ጥያቄውን ግን ማንም መጠየቅ ይችላል። የአንድ ፋብሪካ የሁለት ዓመት የሰው ኃይል መዝገብ ፈቃድ ጠይቆ አግኝቶ ማን መቼ እንደለቀቀ መተንተን ከ384 መጠይቅ ይሻላል። ሠራተኞቹ ለቀው ከሄዱ በኋላ ስልካቸውን ፈልጎ ሠላሳውን በደንብ ማናገርም ይሻላል።

አገሩ ደግሞ በጥያቄ ተሞልቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አስመጪዎች ዋጋቸውን እንዴት ከለሱ? በዱቤ የሸጡትስ እንዴት ተቋቋሙት? ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የባንኮችን ቦርድ ባህሪ ይለውጥ ይሆን? የውጭ ባንክ እንዲገባ ሕጉ ከፈቀደ ወዲህ የአገር ውስጦቹ ብድር ለማን እየሰጡ ነው? ቴሌብር ከመጣ በኋላ የሱቅ ነጋዴው ሒሳብ አያያዝ ተለውጧል? መርካቶ ውስጥ በቃል ብቻ በሚንቀሳቀሰው የዱቤ ንግድ ማን ማንን እንደሚያምን በምን ይወሰናል? አባት የመሠረተው ድርጅት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ለምን ይፈርሳል? እነዚህን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በጉራግኛ ገብቶ መጠየቅ የሚችለው የአገሬው ተመራማሪ ነው። ይህን ዕድል ይዞ "የአመራር ዘይቤ" ላይ መቀመጥ ያንገበግባል።

ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። አንድ አማካሪ በአንድ ጊዜ ብዙ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ ይዞ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ፣ ኑሮ አልሞላ ብሎት ማታና ቅዳሜ ሌላ ቦታ እየሠራ፣ የእናንተን ረቂቅ በጥንቃቄ እንዲያነብ መጠበቅ ከባድ ነው። ረቂቁ ለወራት ሳይነበብ ሲቀመጥ ተማሪውም የተለመደውን፣ ማንም የማይጠይቀውን መንገድ ይመርጣል።

ገንዘቡ እና አማካሪው

ስለ ወጪ ስናወራ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ጥሩ ፒኤችዲ ብዙ ጊዜ ተማሪውን አያስከፍልም። አሜሪካ ያሉ ጥሩ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት በጣት የሚቆጠር ተማሪ ነው። የተቀበሉትን ግን የትምህርት ክፍያውን ይችሉለታል፣ የወር መተዳደሪያም ይሰጡታል። እሱም በማስተማርና በምርምር ያግዛቸዋል። በብዙዎቹ ማስተርስ እንኳን የግድ አይደለም፤ ጂማት ወይም ጂአርኢ የሚባሉትን የመግቢያ ፈተናዎች፣ የሒሳብ መሠረት፣ ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤና ግልጽ የምርምር ፍላጎት ይጠይቃሉ። ስዊድን ውስጥ ለዶክትሬት የትምህርት ክፍያ የለም፣ አብዛኛው ተማሪም ደመወዝተኛ ነው። የዮንሾፒንግ ቢዝነስ ትምህርት ቤት በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ኢትዮጵያውያንን በዶክትሬት አስተምሯል። ኔዘርላንድስና ኖርዌይም እንዲሁ ዶክትሬት በአብዛኛው እንደ ሥራ ነው የሚታየው፤ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትወዳደራላችሁ፣ ትቀጠራላችሁ።

አገር ውስጥ ሲሆን አሠሪ ካልከፈለ ከኪስ ነው። ለድህረ ምረቃ ጋት የሚባለው አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና መኖሩንም አትርሱ። ወደ ውጭ እየከፈሉ መማር ላሰቡ ግን ሒሳቡ ተለውጧል። ብሩ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ያኔ "እችለዋለሁ" ብሎ የጀመረ ሰው ሁለተኛው ዓመት ላይ ወገቡ ጎብጧል።

የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ላይ ማዕከል ከፍቶ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ለዶክትሬት አብቅቷል። ሕንድም የብዙዎች ምርጫ ናት። ሕንድን በተመለከተ ግን ልብ በሉ። የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ተቆጣጣሪ ዩጂሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ ፒኤችዲ በርቀትም ሆነ በኦንላይን መስጠት ከልክሏል፤ ትንሹ ጊዜም ሦስት ዓመት ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ በኦንላይን የሕንድ ፒኤችዲ እናስጨርሳችኋለን የሚል ደላላ ከመጣ፣ የሚሸጥላችሁ ነገር ሕንድ ራሷ የማታውቀው ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ግን ዕድላችሁን የሚወስነው አማካሪው ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመምረጣችሁ በፊት ሰው ምረጡ። የምትፈልጉትን ርዕስ ማን ይሠራበታል? ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን አሳተመ? ያማከራቸው ተማሪዎች ጨረሱ ወይስ የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ? ይህን የሚነግራችሁ ድረ ገጽ የለም፤ ተማሪዎቹን ፈልጋችሁ ጠይቁ። "ረቂቅ ስትልኩ በስንት ጊዜ ይመልስላችኋል?" የሚለው አንድ ጥያቄ ብዙ ያሳያል።

"በ18 ወር ዶክተር"

ውጭ ያለው ወገናችን የሚገጥመው ሌላ ፈተና ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ፣ አትላንታ፣ ዳላስ ቀን እየሠራ ማታ የሚማር ሐበሻ ብዙ ነው። ለሱ የኦንላይን ዲቢኤ በልክ የተሰፋ ይመስላል። ብዙ ደህና ፕሮግራም አለ። ግን የዎልደን ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ ማወቅ ይጠቅማል። ይህ ለትርፍ የሚሠራ የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 በዲቢኤ ፕሮግራሙ ምክንያት ሜሪላንድ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በተማሪዎቹ ተከሰሰ። ክሱ ዩኒቨርሲቲው ጥቁሮችንና ሴቶችን ለይቶ እያስተዋወቀ ስቧል፣ ዲግሪው የሚፈጀውን ክሬዲትና ወጪ ግን አሳንሶ ነግሯል የሚል ነበር። እንደ ክሱ፣ ተማሪዎቹ ኮርሱን ጨርሰው የመጨረሻው የምርምር ሥራ ላይ ሲደርሱ ማለቂያ የሌለው ይሆንባቸዋል፤ እርማት ይመጣል፣ ሌላ ተርም ይከፈላል፣ እንደገና እርማት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጉዳዩ በ28.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ የበየነው ነገር የለም። ለእኛ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ከመመዝገባችሁ በፊት የዲሰርቴሽኑ ምዕራፍ በአማካይ ስንት ተርም እንደሚፈጅ፣ በየተርሙ ስንት እንደሚከፈልና ከገቡት ስንቱ እንደተመረቁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልስ ከሸሹ እናንተም ሽሹ።

የብድሩም ነገር እየጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ሕግ ግራድ ፕላስ የሚባለውን የድህረ ምረቃ ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይዘጋል፤ ለድህረ ምረቃ ተማሪ የሚቀረው የፌዴራል ብድር በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ነው። ለውድ የኦንላይን ዶክትሬት አይበቃም፣ የጎደለውን ደግሞ የግል አበዳሪ በወለድ ነው የሚሞላው።

ከዚህ ሁሉ በታች ያሉት ጭራሽ ትምህርት ቤት ያልሆኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒውዮርክ ታይምስ ያጋለጠው አክዛክት የተባለ የፓኪስታን ኩባንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሌሉ ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ከፍቶ ዲግሪ ሲቸበችብ ነበር። የድረ ገጽ ውበት ምንም አያረጋግጥም። አሜሪካ ከሆነ ዕውቅና ሰጪው አካል በትምህርት ሚኒስቴሩ ወይም ቺያ በሚባለው ምክር ቤት የታወቀ መሆኑን እዩ። ወደ አገር ቤት ይዛችሁ የምትመጡት ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት ይሠራል፤ ከፍላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። ተመርቆ መጥቶ "ዕውቅና የለውም" መባል ምን ያህል እንደሚያም የደረሰበት ሰው ፊት ላይ አይቻለሁ።

ጆርናሉም ገበያ ሆኗል። ፕሮግራማችሁ ከመመረቃችሁ በፊት ጽሑፍ አሳትሙ ይላል፣ ጊዜ የለም፣ ኢሜይላችሁ ውስጥ "በሦስት ቀን እናትማለን" የሚል ደብዳቤ ይገባል። ክፈሉ ነው። ያለ ግምገማ የወጣ ጽሑፍ ስማችሁ ላይ ለዘላለም ይቀመጣል። ስኮፐስ በሚባለው የጆርናሎች መዝገብ ውስጥ መኖር ብቻውንም ዋስትና አይሆንም፤ ታዋቂው ዋይሊ የገዛው ሂንዳዊ የተባለ አሳታሚ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል፣ የግምገማው ሒደት ተበላሽቶ ስለተገኘ። በእኛው መስክ የአፍሪካ የማኔጅመንት አካዳሚ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያወጣው የአፍሪካ የማኔጅመንት ጆርናል አለ፤ ስለ አህጉራችን ድርጅቶች በቁም ነገር ይጻፍበታል፣ እዚያ ለመታተም መልፋት ያኮራል።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ግድግዳ ላይ እና ቴሌግራም ውስጥ "ፕሮፖዛል፣ ቲሲስ፣ ዳታ ትንተና እንሠራለን" የሚለውን ማስታወቂያ ሁላችንም አይተናል። የስታትስቲክስ ምክር መጠየቅ አንድ ነገር ነው። ሥራውን አሠርቶ ዶክተር መባል ግን ሌላ ነው። ዛሬ ደግሞ ቻትጂፒቲ በነጻ ይጽፍላችኋል፣ ያልተጻፈ ጥናት እንደተጻፈ አድርጎ ምንጭም ይጠቅስላችኋል። ጽሑፋችሁን ለመከላከል ቆማችሁ ፈታኙ "ይህን ዘዴ ለምን መረጥህ?" ሲል የሚያድናችሁ ራሳችሁ የሠራችሁት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ አሁንም ከፈለጋችሁት፣ በጣም ጥሩ፣ አገሩ እናንተን ይፈልጋል። በዚህ ሳምንት የምትጀምሩት ሥራ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ውስጥ ገብታችሁ በመስካችሁ የተጻፉ ሦስት የዶክትሬት ጽሑፎችን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ፤ ካሰለቻችሁ መልሱን አገኛችሁ። ወደ ውጭ ጆርናሎች በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል ብዙ የኢትዮጵያ ተቋማት በነጻ ይገባሉ፣ የተቋማችሁን ላይብረሪ ጠይቁ። ከዚያ ጥያቄያችሁን በአንድ ገጽ ጻፉት። ምን አታውቁም? ቢታወቅ ማን ምን ያደርጋል? መረጃውን ከየት፣ በማን ፈቃድ ታገኛላችሁ? ገጹን ለሥራ ባልደረባችሁ ሳይሆን ለማታውቁት ተመራማሪ ላኩ፤ የእሱን አንድ ጽሑፍ አንብባችሁ፣ የቱ ጋ እንደምትስማሙና የቱ ጋ እንደምትጠራጠሩ በሦስት መስመር ገልጻችሁ። ብዙዎቹ አይመልሱም። የሚመልስ አንድ ይገኛል። የአሜሪካዎቹ ማመልከቻ በአብዛኛው የሚዘጋው ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ስለሆነ፣ ለቀጣዩ ዓመት ያሰበ ሰው ፈተናውንም ደብዳቤውንም ከክረምቱ ጀምሮ ቢይዘው ይደርሳል።